ሣርና በግ በአንድ ቃል

ለዶክትሬት ትምህርቴ በውጭ አገር በነበርሁበት ጊዜ አብሮኝ በቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ አንድ አየርላንዳዊ፣ በአገሩ ቋንቋ ለምለሙ ሣርም ግራጫዋ በግም «ግላስ» እንደሚባሉ አጫወተኝ። እኔም «ታዲያ አረንጓዴንና ግራጫን አትለዩም?» ብዬ ሳቅሁበት። ዛሬ ተማሪዎቼ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ሲያነሡ ያ ሳቄ ያሳፍረኛል።

ቃሉ ጥንታዊ ነው። በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በማን ደሴት የሚታወቁት ሦስቱ የጌሊክ ቋንቋዎች ይጋሩታል። የሩቅ ዘመዳቸው በሆነው በዌልሽ ቋንቋ ደግሞ ይኸው ቃል ዛሬ በዋነኛነት ሰማያዊ ማለት ነው።

ነገሩ ለፊዚክስ ሰው እንግዳ ይመስላል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ500 እስከ 565 ናኖሜትር ገደማ ነው። ግራጫ ግን በኅብረ ቀለሙ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ የበጓ ፀጉር የሚታዩትን ሞገዶች ሁሉ በተቀራረበ መጠን ሲያንጸባርቅ የምናየው ነው። ታዲያ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

መልሱን የምናገኘው የቃሉን ጎረቤቶች ስንመለከት ነው። አየርላንዳውያን ለሸበተ ፀጉር «ሊአ»፣ በቀለም ለተነከረ ወይም ለተቀባ ደማቅ አረንጓዴ ደግሞ ባመዛኙ «ኡአኘ» ይላሉ። «ግላስ» የሣሩ፣ የቅጠሉ፣ የበጓና የባሕሩ ቀለም ነው። እንግዲህ ተናጋሪው መለየት አላቃተውም። የሚለየው ግን በሞገድ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ቀለሙ ከተፈጥሮ የተገኘ ነው ወይስ ሰው የቀባው ብሎም ይጠይቃል። በእኛም ዘንድ ፈረሱ ዳማ፣ በሬው ዳለቻ ይባላል፤ ከጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሄዶ «ዳማ ጨርቅ ስጠኝ» የሚል ሰው ግን አልሰማሁም።

«ቀስተ ደመና ሰባት ቀለማት አሉት» የሚለው ትምህርታችንም ቢሆን ከሰው ልማድ የጸዳ አይደለም። ኅብረ ቀለም ያለ ድንበር የተያያዘ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፉ ሰባቱን ቀለማት ከሙዚቃ ድምፆች እርከን ጋር አዛምዶ ከፈላቸው። ሞገዱ የተፈጥሮ ነው፤ ድንበሩን ያሰመርነው ግን እኛ ነን።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። «በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ለዚህ ነገር ቃል የለምና ቋንቋዬ ለሳይንስ አይሆንም» የሚሉ ተማሪዎች ያጋጥሙኛል። የቃል መጥፋት ግን የማስተዋል መጥፋት አይደለም። ቃል ደግሞ ያድጋል፤ የአየርላንድ አረንጓዴ ፓርቲ በአገሩ ቋንቋ በሚጠራበት ስም ውስጥ የሚገኘው ያው የእረኞቹ «ግላስ» ነው። ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ የማታውቁት ቋንቋ ነገሮችን ከእናንተ በተለየ መንገድ ሲከፍል ብታገኙት፣ እኔ እንዳደረግሁት ከመሳቃችሁ በፊት በምን መስፈርት እንደከፈለ ጠይቁ። የራሳችሁንም ቋንቋ በዚያው ዓይን ተመልከቱት።