የቅድመ ድጋፍ ውጤት በምን ይመዘን?

የካሊፎርኒያ መራጮች እ.ኤ.አ. በ1998 ያጸደቁት ፕሮፖዚሽን 10 በአንድ ፓኮ ሲጋራ ላይ 50 ሳንቲም ታክስ ጥሎ፣ ገቢውን ከልደት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናትና ለቤተሰቦቻቸው መደበ። ከዚህም 80 በመቶው ኦክላንድን የሚያገለግለውን የአላሜዳና ሳን ሆዜን የሚያገለግለውን የሳንታ ክላራ ኮሚሽን ጨምሮ ለካውንቲዎች ይከፋፈላል። አጫሹ ሲቀንስ ግን ገንዘቡም ይመነምናል። የትኛው አገልግሎት ይቀጥል፣ የትኛው ይታጠፍ ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ያለበት ግምገማ ነው።

የቤት ለቤት ጉብኝትንና የሥልጠናን ብዛት ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ሥራ መሠራቱን እንጂ የሕፃኑን መለወጥ አያሳይም። አማርኛ ተናጋሪ እናት የልጇን የዕድገት መጠይቅ በእንግሊዝኛ ከሞላች፣ የሚለካው የልጁ ዕድገት ሳይሆን የእናቲቱ እንግሊዝኛ ይሆናል። ቤተሰቡ «ጥቁር» በሚል አንድ መደብ ሲጠቃለል ደግሞ ስሕተቱ ጨርሶ አይታይም።

የተሻለ መለኪያ አለ። የፌዴራሉ ሕግ የዕድገት መዘግየት ለተጠረጠረበት፣ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ጥቆማው ከደረሰ በ45 ቀናት ውስጥ ምርመራው ተጠናቆ የቤተሰቡ የአገልግሎት ዕቅድ ስብሰባ እንዲካሄድ ያዛል። ስለዚህ የሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤቶች ከእያንዳንዱ ግምገማ ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል፦ ቤተሰቡ በቤት የሚናገረውን ቋንቋ፣ ከጥቆማ እስከ መጀመሪያው አገልግሎት ያለፉትን ቀናትና በመንገድ የቀሩትን ሕፃናት ቁጥር። በመዝገብ ያልተቆጠረ ሕፃን በጀት በተቀነሰ ጊዜ ተከራካሪ አይኖረውም።