አክስቴ እንዳይቀመጡ

ጎጃም በረንዳ ሲያልፉ ጆሮዎን ሰጥተው ያውቃሉ? ከአንዱ ሱቅ የጥንት ዘፈን፣ ከጎኑ ደግሞ የዘንድሮ ሙዚቃ ይለቀቃል። ሁለቱም ለብቻቸው ያስደስታሉ፤ መሃል ላይ ሲቆሙ ግን የሚሰሙት ጫጫታ ነው።

በቅርቡ በአንድ የዘመድ ሰርግ ላይ ይኸው ገጠመኝ። አክስቴ እስክስታውን እያስነኩት ሳለ ዲጄው ዘፈኑን ከመሃል ቆርጦ አዲስ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለቀቀ። ወጣቶቹ ጮኹ። አክስቴ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፤ እስከ መጨረሻውም አልተነሱም።

እርስዎም ሰርግ የሚደግሱ ወይም «ዲጄ እሆናለሁ» የሚል ልጅ ያለዎት ከሆነ ይህን ይወቁ።

መጀመሪያ ፍጥነት ነው። ሃውስ የሚባለው ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 128 ምት አለው፤ የሚቆጥረው ማሽን ስለሆነ አይዛነፍም። በድሮ ባንዶች ግን ድራሙን የሚመታው ሰው ነውና ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዲጄው እያዳመጠ በእጁ ማስተካከል አለበት። ሲያፈጥነውም ይጠንቀቅ፤ ካሴት ወይም ሸክላ በ6 በመቶ ሲፈጥን ድምፁ በግማሽ ቃና ገደማ ይቀጥናል።

ቀጥሎ አቆጣጠሩ ነው። ችክችካ በስድስት፣ ሃውስ በአራት ይቆጠራል። ስድስቱን ለሁለት ሲከፍሉት ግን ትከሻ የሚወርድባቸው ሁለት ትልልቅ ምቶች ይገኛሉ፤ ዘፈኖቹ የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። ቅኝታቸው የማይስማማ ከሆነ ዜማ በዜማ ላይ አይደረብ። ሁለት ባስም አንድ ላይ አይጩህ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ዝቅ ይበል።

ሁሉንም የሚያቀልለው ግን መሸጋገሪያ የሚሆን ዘፈን ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። ዜማው አክስቴ የሚያውቁት ነው፤ ምቱ ደግሞ የማሽን ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደወጣው የሮፍናን «ነጸብራቅ» አልበም መሻገር ብዙም አይከብድም፤ እሱም ባህላዊውን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ያዛመደ ነውና።

እንግዲህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ዲጄውን «ከድሮው ወደ አዲሱ እንዴት ትሻገራለህ? እስቲ አሰማኝ» ይበሉት። ሲያሰማዎትም አጠገብዎ አንድ አክስት ይቀመጡ። ትከሻቸው ካላቆመ ቀብዱን ይክፈሉ።