ላሟ እሑድ አታርፍም፦ የማዳቀል አገልግሎት በተወለዱ ጥጆች ይመዘን

በኢትዮጵያ የከብት ማዳቀል ዘመቻ ሲገመገም ጎልቶ የሚነገረው የተዳቀሉት ላሞች ብዛት ነው። ይህ መለኪያ አሳሳች ነው። የተዳቀለች ላም ሁሉ አታረግዝም፤ ያላረገዘች ላም ደግሞ ለባለቤቷ ጥጃም አዲስ ወተትም አትሰጥም።

ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች። ባለሙያዎች «ድራት» የሚሉት ይህ ሁኔታ ለግማሽ ቀን ገደማ ይቆያል፤ በዜቡ ዝርያዎች ከዚያም ያጥራል፣ ምልክቱም ደብዛዛ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይከሰታል። በተለመደው መመሪያ መሠረት ጠዋት ምልክት ያሳየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያሳየች ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ጊዜው ካለፈ ሌላ 3 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። የ3 ሳምንቱን መኖ የሚሸፍነው ግን መንግሥት ሳይሆን አርቢው ነው።

አገልግሎቱ በአንጻሩ በቢሮ ሰዓት የታጠረ ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን አዳቃይ ቴክኒሽያን አለመገኘቱ፣ የፈሳሽ ናይትሮጂን እጥረትና የትራንስፖርት ችግር በአገሪቱ በተካሄዱ ጥናቶች በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል።

«መፍትሔው ሆርሞን ነው» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እርግጥ ነው፣ ፕሮስታግላንዲን የብዙ ላሞችን ድራት በተቀራራቢ ቀናት ያመጣል። ሆኖም በመኖ እጦት ከስታ ዑደቷ በቆመ ላም ላይ አይሠራም፤ እርጉዝነቷ ሳይመረመር የተወጋችን ላም ደግሞ ሊያስወርዳት ይችላል። ምርመራ የሌለበት ዘመቻ ለሪፖርት እንጂ ለገበሬ አይጠቅምም።

በኮሎምበስ ፖላሪስና በአካባቢው የሚኖሩ የጉዳዩ ተሟጋቾች ለንጽጽር ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በአቅራቢያቸው በፕሌን ሲቲ፣ ኦሃዮ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሴሌክት ሳየርስ የአርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ፌዴሬሽን ነው። ትምህርቱ ኮርማው አይደለም፤ ላሟ ሳታረግዝ ስትቀር የሚከስረው አርቢ የአገልግሎቱም ባለቤት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ምርጥ አባለ ዘር ብቻውን ክፍተቱን አይሞላም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ወተትን ከዋና ግቦቹ አንዱ አድርጓል። ግቡ ከወረቀት እንዲያልፍ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ግብርና ሚኒስቴርን በ4 ነጥቦች ሊጠይቅ ይገባል፦

1. የወረዳ ሪፖርት ከተዳቀሉት ላሞች ጋር ያረገዙትንና የተወለዱትን ጥጆች ያሳይ።
2. አገልግሎቱ በተራ ምድብ በሳምንት 7 ቀን ይሰጥ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በበጀት ይያዝ።
3. ሆርሞን ከመሰጠቱ በፊት እርግዝናና የሰውነት አቋም ይመርመር፤ ከተዳቀለች ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜም የእርግዝና ምርመራ ይደረግ።
4. የድራት ምልክቶች ሥልጠና ላሟን በየጠዋቱና በየማታው ለሚያልቡ ሴቶች ይድረስ፤ ለውጡን ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

የላሟን ዑደት ከቢሮ ሰዓት ጋር ማስማማት አይቻልም፤ የቢሮውን ሰዓት ከላሟ ጋር ማስማማት ግን የበጀትና የፈቃደኝነት ጉዳይ ነው።