አረም ነቀላ ቅጣት አይሁን



ዘንድሮ ጥቅምት ላይ በግቢያችን የሆነውን ሳታስታውሱት አትቀሩም። ለጧት ሰልፍ ያረፈድን፣ የመኝታ ቤት መብራት ሳናጠፋ የወጣን፣ መታወቂያ የረሳን፣ በጠቅላላው ሃያ ሦስት እጩ መምህራን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለውን አረም እንድናጸዳ ተፈረደብን። በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው እንግዲህ እነዚያኑ ቅጣተኞች ነው።

አረሙ ወገባችን ድረስ ደርሷል፤ አናቱም ጥቃቅን ነጭ አበባ ለብሷል። ጓንት የለ፣ ምን የለ። ግማሾቻችን በማጭድ፣ ግማሾቻችን በባዶ እጅ ስንመነግለው ዋልንና የታጨደውን እየጎተትን ከአጥሩ ውጭ ካለው ቦይ ጨመርነው። ተገላገልን አልን። በማግስቱ የሁለት ጓደኞቻችን ክንድና አንገት ሽፍ ብሎ ተነሣ። አስም ያለባት ጓደኛችን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽ እያጠራት ቁጭ ብላ አደረች።

ሳምንት ሳይሞላ የከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ቦዩን ተከትለው እግቢያችን ድረስ መጡ። ቦዩ እኮ የሚወርደው ከታች ወዳለው የአትክልት ማሳ ነው። ይህን ማን እንደጣለው ጠየቁ፤ እኛም ደረታችንን ነፍተን «እኛ ነን፣ ግቢ አጽድተን» አልን። ሰውየው አልተቆጡም። አንዱን ዘለላ አነሡና መዳፋቸው ላይ አሽተው ጥቁር ጥቁር ፍሬውን አሳዩን። «ልጆቼ፣ ዘር ዘራችሁ እንጂ አረም አልነቀላችሁም» አሉን።

ያ አረም ቅንጨ አረም ነው። የትውልድ አገሩ ወዲያ አሜሪካ ሲሆን ወደኛ አገር በ1960ዎቹ ማብቂያ ግድም በድሬዳዋና በሐረር በኩል እንደገባ ይነገራል። ከእርዳታ እህል ጋር ነው የሚሉ አሉ፣ በጦር መኪና ጎማ ነው የሚሉም አሉ። በምሥራቅ ያሉ ኦሮሞ ገበሬዎች «ፋረምሲሳ» ብለው ሰይመውታል፤ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው አረሙን በደንብ አውቆታል። አንድ ተክል እስከ 25,000 ዘር ይሰጣል፤ ከበቀለ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ያብባል። ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል። ሰው ሲነካው ደግሞ የሚሆነውን በገዛ ቆዳችን አየነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለሙያውን ተከትለን መዞር ጀመርን። መጀመሪያ ከይሉኝታ የተነሣ ነበር፤ ኋላ ግን ወደድነው። እውነቱን ለመናገር የእሳቸው ሥራ መድኃኒት መርጨት ብቻ ይመስለን ነበር። አይደለም። ሥራቸው አብዛኛው ማየት ነው። በመስኖ የተዘራ በቆሎ ውስጥ ይገቡና የአናቱን ቅጠል ገለጥ አድርገው የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ኩስ ይፈልጋሉ። ኩሱ ካለ ተምቹ አለ። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤው ተምች ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ የመሰለ ምልክት አለው ብለው ሲያሳዩን፣ እኛ ደግሞ «ይኼማ የገዛ ፊደላችን ‹ሰ› ነው!» አልናቸው። ሳቁና ከዚያ ወዲያ ለገበሬው ሲያስረዱ «ሰ የተጻፈበት ትል» ይሉ ጀመር። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅ ይቻላል። አድጎ እቅጠሉ ጉያ ከገባ ግን ርጭቱም በወጉ አያገኘው።

አንበጣውም እንዲሁ ነበር ይላሉ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መንጋው ሲመጣ ሕዝቡ ጣሳ እየቀጠቀጠ፣ ጅራፍ እያጮኸ ማሳውን ሊያድን ሲሮጥ ሁላችንም እናስታውሳለን። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 40 ሚሊዮን ያህል አንበጣ ሲይዝ በቀን የሚበላው ለ35,000 ሰው የሚበቃ ምግብ ነው። ክንፍ ካወጣ በኋላ በጣሳ ምን ይደረጋል? መያዝ ያለበት ኩብኩባ ሆኖ መሬት ለመሬት ሲፈናጠር ነው። ለዚያ ደግሞ ኩብኩባውን ያየና ያወቀ፣ አውቆም የተናገረ ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ባለሙያ ግን ስንት ቦታ ያያል? ሞተር ብስክሌታቸው ነዳጅ አጥታ የምትቆምበት ሳምንት ብዙ ነው። በእግራቸው ደርሰው «አረሙን አሁን ንቀሉ» ሲሉ የሚሰማቸው የለም፤ አብቦ መንገዱን ሲዘጋ ግን «መድኃኒት ስጡን» የሚል ሰው ቢሯቸው በር ላይ ይሰለፋል። ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር እንበል። መርዙን «መድኃኒት» ብለን በመጥራታችን ሳንጎዳ አልቀረንም። አንድ ገበሬ ቱ ፎር ዲውን ነፋስ ባለበት እኩለ ቀን ረጭቶ የጎረቤቱ ቲማቲም ቅጠሉ ተጠቅልሎ ሲቀር አይተናል። ባዶውን ጀሪካን አጥቦ ውሃ ሊቀዳበት የያዘ ልጅም አይተናል። መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምን ያደርጋል ብሎ ነው። ልጁ አራተኛ ክፍል ነው፤ ነገ ተመርቀን ስንወጣ እምናስተምረው እሱን ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የመምህር ሥራ ጠመኔ ነው፣ አረሙን ለባለቤቱ ተዉት» ይሉናል። ጠመኔ መሆኑን አልካድንም። ነገር ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየቀኑ በየሰፈሩ መንገድ የሚመላለሱ መቶና ሁለት መቶ ጥንድ ዓይኖች አሉት። ባለሙያው የጎደላቸውም ዓይን ነው። ልጆቹ ቅንጨ አረምን ሳያብብ፣ ቅጠሉ የካሮት ቅጠል መስሎ መሬት ላይ ተነጥፎ ሳለ ቢለዩት ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ አምቦ ላይ ተፈትኖ በወለንጪቲ አካባቢ ተለቋል፤ ህንድም በ1984 እ.ኤ.አ. እንዲሁ አድርጋለች። ደግ ነገር ነው። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም።

ታዲያ ወደ ነገራችን እንመለስ። አረም ነቀላን ቅጣት ስናደርገው ሁለት ጥፋት እንሠራለን። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ተማሪው ይጠላዋል። አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። እቤታችን አረም በደቦ፣ በዘፈን የሚታረም ሥራ ነው እንጂ የወንጀለኛ ሥራ አይደለም። ሁለተኛው ግን ይብሳል። አረሙ የሚነቀለው ሰው ሲያጠፋ ነው እንጂ እሱ ለመነቀል ሲደርስ አይደለም። በሐምሌ ማንም አላረፈደም እንበል፤ አረሙ ያድጋል። በጥቅምት ሃያ ሦስት ሰው ያረፍዳል፤ ይኸው ያበበውን አጭደን ለከተማው ዘር እንበትናለን። የቅጣት መዝገብ የእርሻ ወቅት አያውቅም።

ስለዚህ የተቋማችን አስተዳደር አረም ነቀላን ከቅጣት ዝርዝር እንዲያወጣልን እንጠይቃለን። ያረፈደ አይቀጣ አላልንም፤ እኛም አርፍደናል፤ ወለል ይጥረግ፣ መስኮት ይወልውል። አረሙ ግን ዝናብ መሬቱን ባለሰለሰ ቁጥር፣ ሳያብብ፣ ከነሥሩ፣ እጅ ተሸፍኖ፣ መምህርም ተማሪም አብሮ ወጥቶ የሚነቅለው ይሁን። አስም ያለበት ሰው ይቅር፤ ቆጣሪ ይሁን፣ መዝጋቢ ይሁን። የሳይንስ መምህራኖቻችንም አንድ ክፍለ ጊዜ ቢፈቅዱልን የማስተማር ልምምዳችንን እዚያው አረሙ አጠገብ እናደርገዋለን።

ትናንት ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሄደን አየነው። የበልጉ ዝናብ ጣል ጣል ብሎበት በጥቅምት ያጨድነው ቦታ እንዳለ የካሮት ማሳ መስሏል። ገና አላበበም። ባለሙያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት መጥተው አነቃቀሉን ሊያሳዩን እሺ ብለውናል። ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁ ለያንዳንዱ እጃችሁ አንድ አንድ ፌስታል አትርሱ።

ከሃያ ሦስቱ ቅጣተኞች