ድርቅ፣ ምህላና ትንበያ፦ የአየር ንብረት ለውጥ ክርክር ከአገልግሎት ፈላጊው ዜጋ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ዝናብ በዘገየ ቁጥር በሀገራችን ሁለት ዓይነት ጉባኤ ይካሄዳል። በአንደኛው ካህናትና ምእመናን ምህላ ይይዛሉ፤ ሙስሊሞች ወደ ሜዳ ወጥተው የዝናብ ሶላት ይሰግዳሉ፤ በኦሮሞ ባህል ደግሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ይማልዳሉ። በሁለተኛው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የውቅያኖስን ሙቀት የሚያሳይ ካርታ ዘርግተው ስለሚመጣው ወቅት ይመክራሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እነዚህን ሁለት ጉባኤዎች እንደ ተፎካካሪ የማየት ዝንባሌ በሕዝብ ውይይቶች ዘንድ እየተሰማ ነው። አንዱ ወገን «ድርቅ የፈጣሪ ተግሣጽ ነው፤ ሰው ሰማይን ሊለውጥ አይችልም» ይላል። ሌላው ሃይማኖት ሕዝቡን ከዝግጅት ያዘናጋዋል ብሎ ይከሳል። ሦስተኛው ወገን ጥፋቱ የበለጸጉት ሀገሮች ሆኖ ሳለ መንግሥት ስለ ምን እኛን ያደክመናል ሲል ይጠይቃል።

ክርክሩ የአዳራሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ገጽ አይበቃም ነበር። ነገር ግን አንድ አርብቶ አደር ከብቱን ሳይከሳ ይሽጥ ወይስ ዝናብ ይጠብቅ፣ አንድ አርሶ አደር ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይጠይቅ ወይስ የለመደውን ይዝራ የሚለውን የሚወስነው በከፊል ከእነዚህ ሦስት ሐሳቦች አንዱን ይዞ ነው።

በመጀመሪያ ሳይንሱ የሚለውንና የማይለውን መለየት ያስፈልጋል። ድርቅ ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ ውጤት ነው ማለት ስሕተት ነው። ኤልኒኖና ላኒና የሚባሉት የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት መዋዠቆች ከፋብሪካ ጭስ በፊትም የነበሩ ናቸው። ኤልኒኖ ሲከሰት አብዛኛውን ጊዜ በሰሜንና በመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል የክረምቱ ዝናብ ይዳከማል፤ ላኒና ሲሆን ደግሞ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ይቀንሳል። የተለወጠው ሙቀቱ ነው። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የሀገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል። አየሩ ሲሞቅ የወረደው ዝናብ ከአፈሩና ከኩሬው ፈጥኖ ይተናል፤ ስለዚህ ቀድሞ «ጎደሎ ዓመት» ይባል የነበረው የዝናብ መጠን ዛሬ ድርቅ ይሆናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በአጎራባች ሀገሮች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ጉዳዩን የመረመሩ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ባለሙያዎች የደረሱበት መደምደሚያም ይኸው ነው፦ ዓለም በዚህ መጠን ባይሞቅ ኖሮ ያው የዝናብ እጥረት ያን ያህል ድርቅ አያስከትልም ነበር። በዝቅተኛ ግምታቸው ድርቁ የመከሰት ዕድሉ 100 እጥፍ ያህል ጨምሯል።

ይህ ማለት የፈጣሪን እጅ መካድ ነውን? አይደለም። «ዝናቡ ለምን ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ የእምነት፣ ሌላው የመለኪያ መሣሪያ። ጉዳት የሚያመጣው አንዱን መልስ ይዞ የሌላውን ሥራ መተው ነው። በ1977 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. የሆነውን ማነጻጸር ይጠቅማል። በ2008 ዓ.ም. በብዙ አካባቢዎች የተከሰተው የዝናብ እጥረት በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ከታዩት ሁሉ ከከፉት አንዱ ነበር፤ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብም አስቸኳይ ርዳታ አስፈልጎታል። ይሁን እንጂ እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። ሰማዩ በሁለቱም ጊዜ ነፍጓል፤ ልዩነቱን የፈጠሩት ሰላምና ጦርነት፣ መንገድ፣ የእህል ክምችት፣ ቀድሞ የደረሰ መረጃና በጊዜ የተሰጠ ርዳታ ናቸው። ዝናብ መቅረቱን የፈጣሪ ሥራ ነው ለሚል ሰው እንኳ፣ ሰው በረኀብ መሞቱ የሰው ሥራ መሆኑን መቀበል አይከብደውም።

ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም የሚገኘው የዮሴፍ ወይም የነቢዩ ዩሱፍ ታሪክ በመሠረቱ የድርቅ ማስጠንቀቂያና የመንግሥት ዝግጅት ታሪክ ነው። ሕልሙ ከፈጣሪ መጣ፤ ጎተራውን ግን የሠሩት፣ በጥጋብ ዘመን እህል የሰበሰቡት፣ በረኀቡ ጊዜ ለሕዝብ ያከፋፈሉት ሰዎች ናቸው። ዮሴፍ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ኖሮ ታሪኩን ማንም ባላነሣው ነበር።

በደን ጥበቃም ቢሆን የእምነት ተቋማት ከመንግሥት ቀድመው የሄዱበት ስፍራ አለ። በደቡብ ጎንደር ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል የሚመለከት ሰው በታረሰ ሜዳ መካከል እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ያሉ አረንጓዴ ክቦች ያያል፤ በየክቡ መሐል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዙሪያው የነበረው ደን ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር የቆዩት ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥዱና ኮሶው ቅጥሩ የተከበረ በመሆኑ ነው። ካህናትና የደን ተመራማሪዎች ተስማምተው ከብት እንዳይገባ የድንጋይ ካብ ያስገነቡባቸው አድባራትም አሉ። በጌዴኦም ቅዱሳት ደኖችን ያካተተው ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እነዚህን ደኖች ያቆያቸው እምነት እንጂ አዋጅ አይደለም፤ ይህን የመንግሥት ባለሙያ ሊዘነጋው አይገባም።

የመንግሥትን ሥራ በሚመለከት የሚሰማው ቅሬታም ክብደት አለው። ኢትዮጵያ ወደ ከባቢ አየር የምትለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ከዓለም አጠቃላይ ልቀት ከአንድ በመቶ በታች ነው። በ2013 ዓ.ም. በተሻሻለው ብሔራዊ ሰነድ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ልቀቷን ካልታረመ አካሄድ አንጻር በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ስታቅድ፣ በራሷ ዐቅም ለመፈጸም የገባችው ቃል 14 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው 54.8 በመቶ በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ «የበለጸጉት ይክፈሉ» የሚለው ድምፅ ከመንግሥት አቋም ጋር አይጋጭም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸው ሲገለጽ ብዙዎች «ስንቱ ጸደቀ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተተከለ ችግኝ ቁጥር በአንድ ቀን ይታወቃል፤ የጸደቀው የሚታወቀው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ያጠጣውና ከከብት የጠበቀው ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትንበያው እንመለስ። «ትንበያ» እና «ትንቢት» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት በመሆናቸው ብዙ ሰው የሚቲዎሮሎጂን መግለጫ እንደ ትንቢት ሰምቶ፣ ያልተፈጸመ ሲመስለው «ዋሹ» ይላል። ትንበያ ግን ዕድልን ነው የሚናገረው። ለአብነት ያህል፣ በአንድ አካባቢ የክረምቱ ዝናብ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ ነው ከተባለ፣ ተመሳሳይ ትንበያ ከተሰጠባቸው አሥር ዓመታት በአምስቱ ያህል ዝናቡ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዝናቡ ቢዘንብም ትንበያው አልዋሸም፤ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር የዘራውም አልከሰረም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅታዊ ትንበያዎችን የሚያወጣው በጋው፣ በልጉና ክረምቱ ከመግባታቸው አስቀድሞ ነው። መግለጫው በወጣ ጊዜ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሊቀርቡ የሚገባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ለእኛ አካባቢ የተነገረው ከየትኛው መደብ ነው? ለዚያ የሚስማማ ዘር ቀርቧልን? መኖና ውኃ ባይበቃ ከብት የሚሸጥበት አመቺ ጊዜ መቼ ነው? የምግብ ዋስትናው ሥር የሰደደ ችግር ያለበት ቤተሰብ በልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለመታቀፍ የሚመረጠው በማኅበረሰቡ ተሳትፎ ነው፤ መሥራት የሚችል በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ከምርጫው ያለ አግባብ ቀርቻለሁ የሚል አመልካች አቤቱታውን ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማቅረብ ይችላል። የአመልካቹ ሃይማኖትም ሆነ ስለ ድርቁ መንሥኤ ያለው አስተያየት የመምረጫ መስፈርት አይደለም።