መንታ አርግዣለሁ፤ የጡረታ ቁጠባዬን ግን ለጊዜው አቁሜዋለሁ



ሰሞኑን ለምን እንደጠፋሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልሱ አጭር ነው፤ አርግዣለሁ። ያውም መንታ! ዛሬ 31ኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ። ስለዚህ የዛሬውን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ ሐኪም ብቻ ሳይሆን እንደ ታካሚም ነው። ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ግን አንዲት እናት ብትማርበት ይበቃኛል።

ከገንዘቡ ልጀምር።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ዕቅድ አለን። እኔ 45 ዓመት ሲሞላኝ የሌሊት ዱቲ የሚባል ነገር ከሕይወቴ እንዲወጣ። ሥራ ትቼ ቤት ለመቀመጥ አይደለም። ብር ስለቸገረኝ ሳይሆን ስለምወደው ብቻ እንድሠራ ነው። አሁን 33 ዓመቴ ነው። በሕጉ መደበኛው የጡረታ መውጫ 60 ነው፤ ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በ45 ለሚወጣ ሰው አይደርስለትም። ስለዚህ እኛ ከሁለታችን ገቢ 35 በመቶውን እናስቀምጣለን። ከፊሉ ባንክ፣ ከፊሉ እቁብ፣ ከፊሉ አክሲዮን ላይ ነው። ባለቤቴ የሂሳብ ሰው ስለሆነ ሁሉንም በኤክሴል ይዞታል። የልጅ ወጪም እዚያው ኤክሴል ላይ አለ። የአንድ ልጅ።

በ12ኛ ሳምንቴ አልትራሳውንድ ስታየኝ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ ድንገት ዝም አለች። ሐኪም ስትሆኑ የሌላ ሐኪም ዝምታ ያስፈራችኋል። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «ሁለት ናቸው» አለችኝ።

ደስታው ደስታ ነው፤ አልቅሻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ቀን ማታ ቤት ስንገባ ሁለታችንም መጀመሪያ የከፈትነው ኤክሴሉን ነው።

ያጠፋሁት ጥፋት

ሁለት ዳይፐር፣ ሁለት ክትባት፣ ሁለት የትምህርት ቤት ክፍያ። ስንደምረው 45 የነበረው 50 ሆነ። እኔም በልቤ «ሳይወለዱ ልቅደም» አልኩ። ቀን ከምሠራበት ሆስፒታል በተጨማሪ ሌሊት በአንድ የግል ክሊኒክ ዱቲ ያዝኩ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ሲለኝ ነጠላ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። የክትትል ቀጠሮዬን ሁለት ጊዜ አሳለፍኩ፤ «እኔው ሐኪም አይደለሁ እንዴ» እያልኩ። የብረት እንክብሌን በማኪያቶ የዋጥኩባቸው ሌሊቶች አሉ። (ለእናንተ ስንት ጊዜ ጽፌላችኋለሁ፤ ብረት ከቡናና ከሻይ ጋር አይወሰድም፣ አንጀት በደንብ አይመጠውም!)

በ27ኛ ሳምንቴ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዱቲ ላይ ሆኜ ሆዴ ድንጋይ ሆነ። ለቀቀኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ያዘኝ። አብራኝ የነበረችው አዋላጅ ነርስ ከእኔ በዕድሜ ብዙ ትበልጣለች። እጄን ይዛ አስተኛችኝና ግፊቴን እየለካች እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተርዬ፣ እንዳንቺ ያለችን ሴት ሌላ ሰው ቢያመጣልሽ ካርዷ ላይ ምን ብለሽ ትጽፊ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የማህፀን በር አልተከፈተም ነበር። ሰውነቴ ውሃ አጥሮታል፤ ሄሞግሎቢኔ 9.2 ነው። በእርግዝና በየትኛውም ወቅት ቢሆን ይህ የደም ማነስ ነው። ጉሉኮስ ተሰካልኝ፣ ሁለት ሌሊት ተኛሁ። በነጋታው የግል ክሊኒኩን ሥራ ተውኩ። ባለቤቴም የዚያን ወር ቁጠባ ዜሮ ብሎ መዘገበ።

የእኔ አቋም

በግልጽ ልናገር፦ መንታ ላረገዘች ሴት እነዚህ ወራት የምትቆጥብባቸው ወራት አይደሉም። እስከ ዛሬ የቆጠበችው ለእነዚህ ወራት ነው።

ይህን የምለው ስሜታዊ ሆኜ አይደለም። ሰውነትም የራሱ ሂሳብ አለው።

የአንድ ልጅ እርግዝና ወደ 40 ሳምንት ይቆያል። የመንታ በአማካይ 36 ሳምንት አካባቢ ነው። ብዙ መንታዎች 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ። ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት (ፕሪኤክላምሲያ) በመንታ ላይ ከአንድ ልጅ እርግዝና በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ደም ማነስ ይበዛል፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምም እንዲሁ። ረጅም ሰዓት መሥራትና የሌሊት ፈረቃም ያለ ቀኑ ከመውለድ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ጥናቶች አሳይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳታምታቱብኝ። «መንታ ካረገዝሽ አልጋ ላይ ተኝተሽ ክረሚ» የሚለው የጎረቤት ምክር በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። ሙሉ ቀን መተኛት ያለ ቀኑ መውለድን አይከላከልም፤ እንዲያውም እግር ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። እኔም ቀን ቀን እየሠራሁ ነው። ያቆምኩት ከአቅሜ በላይ የሆነውን ነው።

አሁን ደግሞ እንደ ቆጣቢ እናስበው። የረጅም ጊዜ ዕቅድን የሚያናጋው የስድስት ወር ቁጠባ መቋረጥ ነው ወይስ ሁለት ጨቅላ ሕፃናት ለሳምንታት ጽኑ ሕክምና ክፍል መተኛታቸው? በግል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ሂሳብ የሚቆጠረው በቀን ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ። የከፈለ ያውቀዋል። ያም ሆኖ ብሩ ትንሹ ነገር ነው። ሳምባው ሳይጠነክር የተወለደ ልጅ የሚከፍለውን ኤክሴል አይመዘግበውም።

ክትትል ሁሉንም ችግር ያስቀራል አልልም። ጥሩ ክትትል እያላቸውም ቀድመው የሚወልዱ እናቶች አሉ፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ልዩነቱ በጊዜ መድረስ ላይ ነው። ምጥ ቀድሞ ሲመጣ ለሕፃናቱ ሳምባ የሚሰጥ መርፌ አለን። ግን የሚሠራው እናትየዋ ሳትወልድ ከደረሰችልን ነው።

ብራችሁን የት ታውጡት?

👉 ከ14ኛው ሳምንት በፊት አልትራሳውንድ ታዩ። ጥያቄው «ስንት ናቸው» ብቻ አይደለም፤ «እንግዴ ልጁ አንድ ነው ሁለት?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ወቅት በደንብ ይለያል፤ እየቆየ ሲሄድ ይከብዳል። አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታዎች ላይ ደም ከአንዱ ወደ ሌላው እያደላ ሊፈስ ይችላል። ከመቶው ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ያጋጥማል። ስለዚህ እነዚህ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ በአልትራሳውንድ ይታያሉ። የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ያላቸው ደግሞ በየአራት ሳምንቱ ገደማ። የእኔዎቹ የየራሳቸው አላቸው።

👉 ቀጠሮ አታሳልፉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅ እርግዝና እንኳ ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ይመክራል። ለመንታ ከዚያ ይበልጣል። ለግፊት መከላከያ ዝቅተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ሐኪማችሁ ሊያዝላችሁ ይችላል፤ ራሳችሁ ግን አትጀምሩት።

👉 ምግብ። ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ሥጋ ከተገኘ ሥጋ። «ለሦስት ብይ» ማለት በጭልፋ መቁለል አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ጥሩ ጥሩውን መብላት ነው። እኔ ዳቦና ማኪያቶ ላይ የቆጠብኩትን ጉሉኮስ ላይ ከፍዬዋለሁ።

👉 የምትወልዱበትን ቦታ ቀድማችሁ ለዩ። ኦፕሬሽን ክፍል፣ ደም፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው ይሁን። መንታ ሁሉ በኦፕሬሽን ይወለዳል ማለት ግን አይደለም፤ የመጀመሪያው ልጅ በጭንቅላቱ ከመጣና ሌላ ችግር ከሌለ በምጥ መውለድ ይቻላል።

👉 ከወሊድ በኋላ የሚያግዝ ሰው። እናታችሁ፣ እህታችሁ፣ ወይም የምትከፍሏት ረዳት። መንታ የወለዱ እናቶች ለድኅረ ወሊድ ድባቴ ይበልጥ ይጋለጣሉ። እንቅልፍም መድኃኒት ነው።

ብራችሁን የማታወጡበትስ? ከልደት በፊት የሚደረግ ድግስና ዲኮር፣ ሁለት አንድ ዓይነት አልጋ፣ ለፎቶ የሚገዛ ልብስ፣ አስቀድሞ የሚከማች የጣሳ ወተት። የእናት ጡት ወተት ለሁለትም ይመረታል፤ በተጠባ ቁጥር ይጨምራል። ጊዜና እርዳታ ግን ይፈልጋል።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል»

እናቴ ኤክሴሉን ስታይ ያለችኝ ይህን ነው። «ምን ታሰላላችሁ? ሁለት ጧሪ ሰጣችሁ እኮ!»

እናቴን አከብራለሁ። እሷ ዘመን ልጅ የባንክ ደብተርም ጡረታም ነበር። ጡረታና ጧሪ የአንድ ሥር ቃላት መሆናቸውም ያለ ነገር አይደለም። እኔ ግን የምቆጥበው በትክክል ለዚህ ነው። እነዚህ ሁለት ልጆች ገና ሳይወለዱ የእኔን እርጅና እንዲሸከሙ አልፈልግም። ሲያድጉ ቢመጡልኝ፣ ወደውኝ ይምጡ እንጂ ያለ እነሱ መብላት ስላቃተኝ አይሁን።

ስለዚህ «ልጅ ስለመጣ ዕቅድ ይቅር» ከሚሉት ጋር አልስማማም። «ዕቅዴ ስላለ ልጁ ይጠብቀኝ» ከሚለው፣ ማለትም ከአምስት ወር በፊት ከነበርኩት ከራሴም ጋር አልስማማም። ቁጠባ ቆሞ ይጠብቃል። 28ኛ ሳምንት አይጠብቅም።

«አንቺስ የምትቆጥቢው አለሽ፣ ከወር ወር መድረስ ያቃተንስ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ። ለዚህ ነው ይህን ደጋግሜ የምናገረው፦ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቅድመ ወሊድ ክትትልና ወሊድ ከክፍያ ነፃ ነው። ብር የለኝም ብላችሁ ቤት አትቅሩ። የሕግ መብታችሁንም እወቁ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላችሁ። ለአባት ግን 3 ቀን ብቻ ነው። ሁለት ጨቅላ ይዛ ከሆስፒታል ለምትወጣ ሴት የባሏ 3 ቀን ምን ይሠራላታል? ይህ መስተካከል አለበት ባይ ነኝ። እስኪስተካከል ግን ባሎች ሆይ፣ የዓመት ፈቃዳችሁን ከአሁኑ አጠራቅሙ። የእኔው 16 ቀን ይዞልኛል፤ ከየትኛውም አክሲዮን ይልቅ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

እኛ ምን አደረግን?

የባንኩንና የአክሲዮኑን ቁጠባ እስከምወልድና ከዚያም ስድስት ወር አቆምን። ያለውን አልነካነውም። እቁቡን አላቋረጥንም፤ ዳኛውን አናግረን ዕጣችን በምወልድበት ወር እንዲሆን ተለዋወጥን። አባላቱ ምክንያቱን ሲሰሙ እልል ነው ያሉት። ኤክሴሉ ላይ 45 የነበረው አሁን 49 ይላል። አራት የዱቲ ዓመት ተጨመረብኝ ማለት ነው። ሳየው ቅር ይለኛል፣ አልክድም። ከዚያ ሁለቱ ተራ በተራ ይራገጣሉና እረሳዋለሁ።

ሄሞግሎቢኔ አሁን 10.9 ደርሷል። ሁለቱም በደንብ እያደጉ ነው።

ይህን ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም፦

👉 ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም
👉 የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት
👉 ደም ወይም ውሃ መፍሰስ
👉 37 ሳምንት ሳይሞላ እየመጣ የሚሄድ የሆድ መጠንከር
👉 ሆድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት መወጠር፣ ትንፋሽ ማጠር
👉 የልጆቹ እንቅስቃሴ መቀነስ

ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ መረጃ ነው፤ የራሳችሁን ሐኪም አይተካም።

እስቲ መንታ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ የመጀመሪያውን ዓመት በብርም በእንቅልፍም እንዴት ተወጣችሁት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ዘንድሮ ተማሪዋ እኔ ነኝ። መንታ ያረገዘች የምታውቋት ሴት ካለች ደግሞ ሼር አድርጉላት።

ጤናችሁ ይብዛ!