ኢንተርኔት የጠፋበት አሮጌ ላፕቶፕ

ዊንዶውስ 10 ከሠሪው ዘንድ ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ያላቸው ብዙ ሰዎች ማሽናቸው የቻለላቸው እንደ ሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 ተዛውረዋል። መዛወሩ መልካም ነው። ነገር ግን ከተዛወሩ በኋላ ኢንተርኔት አጥተው የተጨነቁ አሉ።

ከነዚህም አንዱ ጎረቤቴ የሆኑ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ሰባት ዓመት ያገለገላቸውን ላፕቶፕ ባደሱ ማግሥት የዋይፋይ ምልክቱ ጠፋባቸው። ወደ አንድ ጠጋኝ ቢወስዱት፣ «ፎርማት ካልተደረገ አይድንም» አላቸው። ፎርማት ማድረግ ማለት በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ ገና መጀመር ነው። በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ደግሞ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ሌላ ቅጂም አልነበራቸውም። ስለዚህ ማሽኑን ታቅፈው ወደ እኔ መጡ።

ከሁሉ አስቀድመን ፎቶግራፎቹን ወደ ፍላሽ ገለበጥን። ኢንተርኔት የጠፋበት ማሽን ፋይል ከመገልበጥ አይከለክልምና ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ቀጥሎም የእጅ ስልካቸውን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኘነው፤ ያለ ችግር ሠራ። እንግዲህ ጉድለቱ ከመስመሩ ሳይሆን ከላፕቶፑ መሆኑ ታወቀ። «ኤርፕሌን ሞድ» የሚባለው አለመከፈቱንም አየን።

ከዚህ በኋላ «ዲቫይስ ማኔጀር» የተባለውን መዝገብ ከፈትን። «ኔትወርክ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር፣ በዋይፋዩ ስም አጠገብ፣ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ተለጥፎ ተገኘ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋይፋዩን የሚሠራው ዕቃ ከኮምፒውተሩ ሥርዐት ጋር በቀጥታ አይነጋገርም፤ በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ አለ። አዲስ ሹም ሲመጣ የቀድሞው አስተርጓሚ የሹሙን ቋንቋ የማያውቅ እንደ ሆነ፣ ባለጉዳዩ ምንም ጤነኛ ቢሆን ጉዳዩ አይፈጸምም። የጎረቤቴም ዋይፋይ አልሞተም፤ አስተርጓሚ አጥቶ ዝም ብሎ ነበር።

አዲሱን ድራይቨር ለማምጣት ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ። ከዚህ ጭንቅ የሚያወጣው የስልክ ገመድ ነው። የአንድሮይድ ስልካቸውን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተን፣ በስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ከፈትን፤ ኢንተርኔቱም በገመዱ ገባ። ከዚያም በላፕቶፑ ሆድ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ይዘን፣ ከራሱ ከሠሪው ድረ ገጽ የዋይፋዩን ድራይቨር አውርደን ጫንነው። «ድራይቨር በነፃ እንሰጣለን» እያሉ የሚጣሩትን ሌሎች ገጾች አልነካንም፤ ብዙ ጊዜ የማይፈለግ ፕሮግራም ያሸክማሉና። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ምልክቱ ተመለሰ።

ሁሉም ማሽን በዚህ ብቻ ይድናል ማለት አይደለም። የመሥሪያ ቤታቸውን መረብ ከቤት ሆነው በቪፒኤን የሚጠቀሙ ሰዎች፣ ያረጀውን የቪፒኤን ፕሮግራም ነቅለው ቢሞክሩ ይበጃል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 10 በወጣ ጊዜ አንዳንድ ያረጁ የቪፒኤን ፕሮግራሞች ዋይፋይ እንዳይታይ አድርገው ነበር። «ኔትወርክ ሪሴት» የሚባለው መፍትሔም አለ፤ ሆኖም የተቀመጡትን የዋይፋይ የይለፍ ቃሎች ስለሚያጠፋ ወደ መጨረሻው ቢቈይ እመርጣለሁ። ይህም ሁሉ ያልተሳካ እንደ ሆነ፣ ከታደሰበት ቀን አንሥቶ በ10 ቀን ውስጥ፣ «ሪከቨሪ» በሚለው ክፍል «ጎ ባክ» ተብሎ ወደ ቀድሞው ሥርዐት መመለስ ይቻላል። ታዲያ በነዚያ ቀኖች ውስጥ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ የአሮጌውን ሥርዐት ፋይሎች ያጠፋ ሰው የመመለሻውን በር በገዛ እጁ ይዘጋል።

ጎረቤቴ እስከዚያ መድረስ አላስፈለጋቸውም። ፍላሹ የእኔ ነበር፤ እስካሁን አልመለሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።